ስልክ ላይ የምትጮኸው እናት

«ቀለሙ የት ሄደ?»

ይህን የጠየቀችኝ የታላቅ እህቴ ልጅ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም እማዬ ቤት ተሰብስበናል። በፍላሽ ያመጣሁትን ፊልም ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቼ ገና የተዋንያኑ ስም እያለፈ ነው። «ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ነው እንዴ?» አለች ቀጥላ። አልተበላሸም፣ ይህ ፊልም ሲሠራ አያትሽ ራሷ አልተወለደችም አልኳት። «ታዲያ ለምን እናየዋለን?»

እንዲህ የምትለኝ እሷ ብቻ ብትሆን ባልከፋኝ። ከጓደኞቼም ጋር የምቀያየመው በዚሁ ነው። አንዱ ይደውልና «ቅዳሜና እሁድ የሚታይ ጥሩ ፊልም ካለ እስቲ ጠቁመኝ» ይለኛል። እኔም የጠየቀኝን ሰው አክብሬ፣ አውጥቼ አውርጄ፣ አንድ የ1940ዎቹን ፊልም እነግረዋለሁ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስልኩ ወዲያ ማዶ ዝም ይላል። ከዚያ «ጥቁርና ነጭ ነው?» አዎ። «ሌላ የለህም?» የለኝም። ሰኞ ስንገናኝ የቱርኩን ድራማ አይቶ ይመጣል፤ እኔንም ከዓለም እንደራቀ መናኝ ያየኛል።

የዚህ ሱሴ ምንጭ አባቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። በወጣትነቱ ፒያሳ ሲኒማ ገብቶ ያያቸውን የአሜሪካ ፊልሞች እራት ላይ ይተርክልን ነበር። ሽጉጥ ሲመዘዝ ማንኪያ ይመዛል፤ ሴትየዋ ስታለቅስ በእማዬ ነጠላ ዓይኑን ይጠርጋል። ካደግሁ በኋላ ፊልሞቹን እየፈለግሁ ሳያቸው አንዳንዶቹ እሱ እንደተረካቸው ሆነው አላገኘኋቸውም። ለካ ለእኛ ለልጆቹ ሲል መጨረሻቸውን እያሳመረ ኖሯል።

«የሆሊውድ ወርቃማ ዘመን» የሚባለው በግርድፉ ፊልም አፍ ከፈታበት ከ1920ዎቹ ማብቂያ እስከ 1950ዎቹ ማብቂያ ያለው ነው። ስሙ አያታልላችሁ፤ ነገሩ ፋብሪካ ነበር። ፓራማውንት፣ ዋርነር፣ ኤምጂኤም የተባሉት ስቱዲዮዎች ተዋናዩንም፣ ደራሲውንም፣ ዳይሬክተሩንም በውል አስረው ለገዛ ሲኒማ ቤቶቻቸው ፊልም ያመርታሉ። ሲኒማ ቤቶቻቸውን እንዲለቁ መንገዱን የከፈተው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የመጣው በ1948 ነው፤ ከዚያ ቴሌቪዥን መጣና ገበያውን ወሰደው። ከጫማ ፋብሪካ የሚወጣ ሁሉ እግር እንደማይመች፣ ከዚያ ከወጣውም ውስጥ ብዙው አቧራ ቢበላው የማያስቆጭ ነው። እኔ የማወራው ስለ ተረፈው ነው።

ከተረፈው ውስጥ ምን አገኘህ ብትሉኝ፣ ይሉኝታ እላችኋለሁ። ሳቁብኝ፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። በዛሬ ፊልም ሰው የተሰማውን ይናገራል፤ ይጮኻል፣ ሰሃን ይሰብራል፣ ከዚያ ተቃቅፎ ያለቅሳል። በእነዚያ ፊልሞች ግን ሰው የተሰማውን ነገር ሌላው እንዳይከፋበት ብሎ ዋጥ ያደርገዋል፤ ካሜራው ደግሞ ዋጥ ሲያደርግ ያየዋል። «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት» የሚል እንግዳ መራቡን ካይኑ የሚያነብ ሕዝብ እንዲህ ያለውን ፊልም ለመረዳት አስተማሪ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ነገሩ ከፊሉ በግድ የመጣ ነው። ከ1934 ጀምሮ የሆሊውድ ኩባንያዎች ራሳቸው ያቆሙት የሳንሱር ቢሮ ድርሰቱንም ያለቀውንም ፊልም ይመረምር ነበር፤ ደንቡ እስከ 1968 ዘልቋል። መሳሳም ይመጠናል፣ ባልና ሚስት ብዙውን ጊዜ በየአልጋቸው ይተኛሉ፣ ወንጀለኛ ሳይቀጣ አይታለፍም። ደራሲዎቹም የተከለከሉትን በዓይን፣ በሚዘጋ በር፣ በሲጋራ ጭስ መናገር ለመዱ። ሳንሱር ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም፤ እዚህ አገር እንዲያ የሚል ጸሐፊ ካለ ጤንነቱን መጠርጠር ነው። ያው ደንብ በነጭና በጥቁር መካከል ፍቅር እንዳይታይም ይከለክል ነበር።

ለዚህም ነው «ከየትኛው ልጀምር?» ለሚለኝ ሰው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን የማልሰጠው። ያልሰማው የለም፤ አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ቀለሙም የሚያምር፣ በ1939 የወጣ ፊልም ነው። ባርነትን ግን እንደ ጥሩ የቤተሰብ ኑሮ ያሳየናል። በቤት አገልጋይነት የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል በዚሁ ፊልም ኦስካር የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይት ሆነች። ፊልሙ በታኅሣሥ 1939 አትላንታ ሲመረቅ ግን በከተማው የዘር መለያየት የተነሳ አልተገኘችም። የካቲት 1940 ሎስ አንጀለስ አምባሳደር ሆቴል ውስጥ (የኛን አምባሳደር ሲኒማ እንዳትሉ) ሽልማቱን ልትቀበል ስትጠራ የተነሳችው ከባልደረቦቿ ማዕድ አልነበረም፤ ጥግ ላይ ለብቻ ከተዘጋጀላት ትንሽ ጠረጴዛ ነው። ይህም ይሉኝታ ነው እንግዲህ፤ የደቡብ ነጭ ተመልካች እንዳይከፋው የተደረገ ይሉኝታ። ቃሉ ሁለት ፊት እንዳለው የምታውቁት ነው። ፊልሙን አትዩት አልልም፤ እሷን እያያችሁ እዩት። ያን ሁሉ ሰው የምታስንቀው እሷ ናት።

ለጀማሪ የማዘው «ካዛብላንካ»ን ነው (1942)። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው፤ አይሰለችም። የናዚውን ሻለቃ የሚጫወተው ኮንራድ ፋይት ራሱ ከአይሁዳዊት ሚስቱ ጋር ከሂትለር ጀርመን የወጣ ሰው ነበር። በመጠጥ ቤቱ የፈረንሳይ መዝሙር ሲዘመር እንባዋ የሚወርደው ማድሌን ለቦም ከፈረንሳይ የሸሸች ናት። እኛን በተለይ የሚመለከት ቦታም አለው። ባለ መጠጥ ቤቱ ሪክ፣ ማለትም ሃምፍሪ ቦጋርት፣ ለማንም ደንታ የሌለው መስሎ ይኖራል። የፖሊስ አዛዡ ግን ፋይሉን አገላብጧል፤ በ1935 ለኢትዮጵያ መሣሪያ በኮንትሮባንድ ማስገባቱን ያነሳበታል። ሪክ ተከፍሎኝ ነው ብሎ ሊያመልጥ ይሞክራል፤ አዛዡ አሸናፊው ወገን ይበልጥ ይከፍልህ ነበር ይለዋል። በሰላሳ ሰከንድ ያልፋል። በዚያው ዓመት የሪክ አገር አሜሪካ ለጣሊያንም ለእኛም መሣሪያ እንዳይሸጥ ከልክላ ነበር። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ ክልከላው የጎዳው እኛን ነው። ስለዚህ ሪክ «ገንዘብ ነው» ሲል መዋሸቱን ከአዛዡ ቀድሞ የሚያውቀው ኢትዮጵያዊ ተመልካች መሆን አለበት። በአባቴ ትረካማ ሪክ ማይጨው ድረስ ዘምቷል።

እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ወይም ጽሑፍ እያነበቡ ፊልም ማየት የማይወድ ካለ «ሲቲ ላይትስ» አለለት። ቻርሊ ቻፕሊን ፊልም መናገር ከጀመረ ከዓመታት በኋላ፣ በ1931፣ እኔ አልናገርም ብሎ የሠራው ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ብቻ እንኳ እዩዋቸው፤ እንደማትቆሙ ስለማውቅ ነው። ፍርድ ቤት ደጅ የሚመላለስ ጓደኛ ያለው ደግሞ «ቱዌልቭ አንግሪ ሜን»ን (1957) ይዞለት ይሂድ። አሥራ ሁለት ሰዎች በሚወብቅ ክፍል ውስጥ ስለ አንድ ልጅ ሞትና ሕይወት ይከራከራሉ፤ ከዚያ ክፍል የምንወጣው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ከጦርነት የተመለሰ ሰው ባለበት ቤት «ዘ ቤስት ይርስ ኦቭ አወር ላይቭስ» (1946) መታየት አለበት እላለሁ፤ ግን አስጠንቅቄ ነው። ሁለት እጁን ያጣውን መርከበኛ የሚጫወተው ሃሮልድ ራስል ተዋናይ አልነበረም፤ በ1944 በስልጠና ላይ ፈንጂ እጆቹን የወሰደበት እውነተኛ ወታደር ነው። ለእጮኛው ማታ ሲተኛ ምን እንደሚመስል፣ የብረት እጆቹን አውልቆ ሲያሳያት ቤታችሁ ውስጥ የሚናገር ሰው አይኖርም።

አሁን ወደ እሁዱ ልመለስ። ያን ዕለት ይዤ የሄድኩት «ሜክ ዌይ ፎር ቱሞሮ» የሚባለውን የ1937 ፊልም ነው፤ ሊዮ ማኬሪ የሠራው። «ለነገ መንገድ ልቀቁ» እንደ ማለት ነው። ይዤው የሄድኩት ግን ለመዝናናት አልነበረም። ሰው ልገርፍበት ነው።

እናታችን ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀች። አጥንቷን እግዚአብሔር አተረፈላት፤ ሐኪሙ ግን ከእንግዲህ ብቻዋን አትደር አለን። ልጆቿ አምስት ነን። ታላቅ እህቴ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ጋሼ የምንለው ትልቁ ወንድማችን ቤቱ ሰፊ ነው፤ ግን የሚስቱም እናት እዚያው ናቸው። ትንሹ ተከራይ ነው፤ በየዓመቱ ዕቃ ያመላልሳል። ቨርጂንያ ያለችው እህታችን ዶላር ትልካለች፤ ከዶላሩ ጋር ምክር አትረሳም። እኔ ምድር ላይ የሆነ፣ ለቤተ ክርስቲያን የቀረበ፣ ሁለት መኝታ ቤት ያለው ቤት አለኝ። ግን እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ጸጥታ ያስፈልገኛል። አንደኛው መኝታ ቤት የመጻሕፍቴ ነው።

እና በተራ እሷ ቤት እያደርን ሦስት ወር ገፋን። ከዚያ ተራ ማለፍ ተጀመረ። አንዱ ልጁ ታመመበት፣ አንዷ ስብሰባ አመሸባት። እኔ ተራዬን አንድም ቀን አላለፍኩም፤ ይህንንም ሳልናገር አልቀረሁም። እህትና ወንድሞቼ እዚህ ፊልም ውስጥ ራሳቸውን አይተው እንዲያፍሩ ነበር ሐሳቤ። አንድ ፊልም ሰውን ለመገሠጽ ሲባል የሚታይ ከሆነ መጥፎ አስተያየት ነው፤ ይህን እኔው ራሴ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ኩፐር የተባሉ ሃምሳ ዓመት በትዳር የኖሩ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይጠራሉ። ልጆቹ አምስት ናቸው። (ታናሽ ወንድሜ ወደ እኔ ዞር አለ።) አራቱ መጡ፤ አምስተኛዋ ካሊፎርኒያ ናት። አባትየው እየሳቀ፣ እየተጫወተ፣ ባንኩ ቤታችንን ሊወስደው ነው ይላቸዋል። ባንኩ የስድስት ወር ጊዜ ሰጥቶ ነበር። መቼ ነው የሚያበቃው ሲሉት ለካ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ልጆቹን ላለማስቸገር ብሎ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ የባሰ ችግር ላይ ጣላቸው። አሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትናውን ሕግ ያወጣችው በ1935 ነው፤ ወርኃዊው ጡረታ መከፈል የጀመረው ግን በ1940፣ ማለትም ከፊልሙ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች ጧሪ ማለት ልጅ ብቻ ነው። የኛው ጡረታ የሚለው ቃል ከመጦር መምጣቱን አስቡ።

ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስድ ልጅ ጠፋ። እናት ኒውዮርክ ትልቁ ልጇ ጆርጅ ዘንድ ሄደች፤ አባት ሦስት መቶ ማይል ርቆ ሴት ልጁ ኮራ ዘንድ። «ለጊዜው ነው» ተባለ።

እናትየዋን የምትጫወተው ቢውላ ቦንዲ ያኔ ገና ሃምሳ ዓመት አልሞላትም። አታምኑም። አነጋገሯ ብቻ ሳይሆን ወንበር ፈልጋ የምትቀመጥበት ሁኔታ እንኳ የአሮጊት ነው። የጆርጅ ሚስት ቤቷ ውስጥ ብሪጅ የተባለውን የካርታ ጨዋታ እያስተማረች ገቢ ታገኛለች። አንድ ምሽት የተከበሩ እንግዶች ተቀምጠው ሲጫወቱ አማት ተወዛዋዥ ወንበሯን ይዛ መጥታ መሐላቸው ትቀመጣለች። ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ይላል። እንግዶቹ ይሳሳቃሉ። እኛም ሳቅን። ይኼኔ ስልክ ይደወላል፤ ባሏ ነው። እሷ ስልክ አልለመደችም፤ የራቀ ሰው ካልጮኹለት የማይሰማ ይመስላታል። እየጮኸች ትናፍቀኛለህ ትለዋለች፤ እንዳይበርደው ትለምነዋለች፤ ለስልኩ ያወጣው ገንዘብ ያንገበግባታል። ካሜራው ከእሷ ብዙም አይርቅም። ከኋላዋ ያሉት እንግዶች መጀመሪያ ያፍራሉ፣ ከዚያ ካርታቸውን ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ ወዴት እንደሚያዩ ይጠፋቸዋል። ስልኩን ስትዘጋው ክፍሉ ጸጥ ብሏል።

ብዙ ፊልም አይቻለሁ። የተመልካችን ሳቅ ገና አፉ ውስጥ እያለ እንደዚህ ወደ ሌላ ነገር የሚለውጥ ትዕይንት ጥቂት ነው የማውቀው። ማኬሪ ኮሜዲ ሠሪ ነበር፤ ሎሬልና ሃርዲን ያጣመሩት እጆች ውስጥ የእሱም አለበት። ሰው መቼ እንደሚስቅ ስለሚያውቅ መቼ ማቆም እንዳለበትም ያውቃል።

እማዬ ግን ስቃ አላበቃችም። «እኔን አደረጓት!» እያለች ጉልበቷን ትመታለች። እሷም ከቨርጂንያ ሲደወል እንዲሁ ነው የምትጮኸው፤ ጎረቤት ሁሉ ስለ እህታችን ደም ግፊት ያውቃል።

አባት በሌላ በኩል ኮራ ቤት ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው። ሲታመም ሐኪም ሊመጣ ሲል ኮራ ተጣድፋ ወደ መኝታ ቤት ታስገባዋለች፤ ለሐኪሙ እንዲያምር። አንድ ወዳጅ አለው፣ ሱቅ ያለው አይሁዳዊ ሽማግሌ። መነጽሩ ስለተሰበረ የሚስቱን ደብዳቤ ያነብለታል። ትንሽ እንዳነበበ ያቆማል፤ ለሌላ ሰው ጆሮ የማይሆን ቦታ ላይ ደርሷል። አባትየው ሲወጣ ሱቀኛው ሚስቱን ይጠራታል። ለምን እንደጠራት ስትጠይቀው፣ ላይሽ ፈልጌ ነው እንደ ማለት ይላታል። በቃ።

እዚህ ድረስ ዕቅዴ በደንብ ይሄድ ነበር። ኮራ በመጣች ቁጥር ሰርቄ እህቴን አያለሁ። የካሊፎርኒያዋ ልጅ ስትነሳ ጋሼ ጮክ ብሎ «ቨርጂንያ!» አለና ሁላችንም ሳቅን፤ ያቺ ልጅ ፊልሙ ውስጥ አንድም ጊዜ አትታይም፤ ስሟና ውሳኔዋ ብቻ ነው የሚመጣው። አባትን እወስዳለሁ፣ እናትን ግን አልችልም ያለችው እሷ ናት።

ያልቆጠርኩት ነገር ጆርጅን ነው። ፊልሙን ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጆርጅ ጥሩ ሰው ነው ብዬ ነው ያለፍኩት። ጥሩ ሰውም ነው። አይቆጣም፣ እናቱን ይወዳል፣ ሚስቱን ይሰማል፣ ተራውን አያልፍም። ማኬሪ ከልጆቹ አንዱንም ክፉ አላደረገውም፤ ጭካኔው እዚያ ላይ ነው። ክፉ ሰው ቢኖር ኖሮ እሱን ረግመን እንተኛ ነበር። ሁሉም በቂ ምክንያት አለው፤ የሁሉም ምክንያት ሲደመር አሮጊቷ ወደ መጦሪያ ትሄዳለች።

ከመጦሪያው ለጆርጅ የመጣውን ደብዳቤ እናትየው ፖስታውን አይታዋለች። አንድ ቀን ልጇ ሊነግራት መጥቶ ይንተባተባል። ቃሉን ከአፉ ትነጥቀዋለች። እኔ ራሴ የምለምንህ ነገር አለ፣ እዚህ አልተመቸኝም፣ እኩዮቼ ያሉበት መጦሪያ ልሂድ ትለዋለች። አንድ ነገር ብቻ፤ አባትህ እንዳያውቅ። እናንተ ዘንድ ያለሁ ይምሰለው። ከዚያ ደግሞ ከልጆቼ ሁሉ የምወደው አንተን ነበር ትለዋለች።

ለእማዬ የምተረጉመው እኔ ነበርኩ። እዚህ ላይ አፌ ተያዘ።

«ምን አለች?» አለችኝ።

«ልሂድ አለች።»

«የት?»

«መጦሪያ።»

«ልጁ ሳይነግራት? ቀድማው?»

«አዎ።»

ትንሽ አሰበች። «ብልህ ናት» አለችና ነጠላዋን አስተካከለች። ሌላ ምንም አላለችም። እህቴ ወደ እኔ አላየችም፤ ጋሼም አላየም። ባያዩኝም ስለዚያ መኝታ ቤትና ስለ መጻሕፍቴ እያሰቡ እንደነበር ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

የፓራማውንት አለቃ አዶልፍ ዙከር የፊልሙ መጨረሻ እንዲለሳለስ ማኬሪን ጠይቆት ነበር። እምቢ አለ። ፊልሙ ገበያ አጣ፤ ማኬሪም ከስቱዲዮው ወጣ። በዚያው ዓመት ሌላ ቦታ ሄዶ በሠራው «ዘ ኦውፉል ትሩዝ» በተባለ ኮሜዲ የምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር ሲሰጠው፣ አመሰግናለሁ፣ ግን የሰጣችሁኝ በተሳሳተው ፊልም ነው ማለቱ ይታወቃል። ቂም ይመስላል፤ እኔ ግን ልክ ነበር እላለሁ። ጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ በ1953 የሠራው ዝነኛው «ቶክዮ ስቶሪ» ከዚህ ፊልም ዘር ነው፤ እኔ ይህኛውን አስበልጣለሁ። ኦዙ ሐዘኑን ከሩቅ አስቀምጦ ያሳያችኋል። ማኬሪ ጭናችሁ ላይ ነው የሚያስቀምጠው።

መጨረሻው ላይ አባት ለጤናው ወደ ካሊፎርኒያ ሊላክ ነው። ባቡሩ እስኪነሳ ኒውዮርክ ውስጥ ጥቂት ሰዓታት አብረው ያሳልፋሉ። ልጆቻቸው እራት አዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ እነሱ ግን ይቀራሉ። ከሃምሳ ዓመት በፊት ጫጉላቸውን ያሳለፉበት ሆቴል ይገባሉ። የማያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ደግ ይሆኑላቸዋል፤ መኪና ሻጩ በነጻ ያንሸራሽራቸዋል፣ የሆቴሉ ኃላፊ ይጋብዛቸዋል፣ ሊጨፍሩ ተነስተው ሙዚቃው ሲፈጥንባቸው የባንዱ መሪ አይቶ ወደ ዋልዝ ይቀይርላቸዋል። ደግነት ከባዕድ ሰው ሲመጣ ቀላል ነው፤ ለአንድ ሰዓት ነውና። ጠረጴዛው ላይ አንዴ ሊሳሳሙ ፊታቸው ሲቀራረብ እሷ ድንገት ወደ ካሜራው፣ ወደ እኛ ዞር ብላ ታያለች። ሰው አለ። ታፍርና ትመለሳለች። በዚያ ዘመን ፊልም ውስጥ ተዋናይ ወደ ተመልካች አያይም፤ እሷ ግን በይሉኝታ አየችን። ከሶፋችን ላይ ተነስተን መውጣት ነበረብን።

ልጆቹ ደግሞ ቤት ተቀምጠዋል። ጆርጅ ብቻቸውን ቢሆኑ ይሻላል ብሎ ሆን ብሎ ሰዓቱን አሳልፏል። አንዷ፣ ጣቢያ ካልሄድን ክፉ ነን ብለው ያስቡናል ስትል፣ ጆርጅ አይደለንም እንዴ ይላል። ጣቢያው ላይ አባት ሥራ እንዳገኘሁ አስመጣሻለሁ ይላታል። ታምነዋለች፤ ወይም ያመነች ትመስላለች። በመስኮቱ ይሰነባበታሉ። ባቡሩ ይሄዳል። እሷ ቆማ ታያለች፣ ከዚያ ዘወር ትላለች። አለቀ።

የእህቴ ልጅ ስልኳን ከነካች ሰዓት ሆኗታል። «እና አይገናኙም?» አለችኝ፤ ተቆጥታ። ቀለሙ የት ሄደ ያለችውን ረስታዋለች።

መልስ ሳልሰጣት የእማዬ ስልክ ጮኸ። ቨርጂንያ ናት፤ እሷ ዘንድ ጠዋት ነው። እማዬ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ወትሮዋ ጀመረች።

«ደህና ነኝ! ሁሉም እዚህ ናቸው! ሲኒማ እያየን ነው! አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት!» ትንሽ አዳመጠች። «አይ፣ አያሳዝንም! ባሏ ካሊፎርኒያ ልጁ ጋ ሄደ፣ ሥራ አገኘ፣ ከዚያ ላከላትና ሄደች! ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው! አዎ! አንቺ ብቻ ብርዱን ጠንቀቅ በይ!»

ትንሹ ወንድሜ የቴሌቪዥኑን ማጥፊያ ይዞ ቀርቷል። እህቴ የሲኒውን ረከቦት እያየች ነው። ጋሼ ጫማውን።